አርባ ስምንት የቀንድ ቁልፎች

ጥፍሬን በሞረድ ባስተካከልሁ ቁጥር የሚነሣው ሽታ፣ ቀንድ ሲሞረድ የሚወጣውን የተቃጠለ ጠጉር የመሰለ ሽታ አስታውሶኝ፣ ደብረ ማርቆስ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። አባባ በወጣትነቱ ከሙዚቃ ጓድ ጋር ተዘዋውሮ ኖሮ ሲመለስ ያመጣው አሮጌ አኮርዲዮን ነበረው፤ ቀኝ እጁ ፊት ለፊት ሲጫወት፣ ግራ እጁ ማሰሪያው ሥር ገብቶ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሽ ክብ ቁልፎች ሳያያቸው እየዳበሰ ይጫን ነበር።

ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበቱ ሙጫውን እያላቀቀ፣ ተበልተው የሳሱት የግራ ቁልፎች አንድ በአንድ ይረግፉ ነበር። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ግማሾቹ ወልቀው ብረታቸው ብቻ ቀረ። የታላቅ እህቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበርና አባባ እየተጫወተ ሊሸኛት ቃል ገብቶላት ነበር።

«አንቱ፣ አማቾቻችን ከአዝማሪ ቤት ተጋባን ይበሉ?» ትለው ነበር እማዬ።

«ይበሉ! ያንቺን ሠርግስ ያደመቀው ቄሱ መሰለሽ?» ሲላት ሳትወድ ትስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ከደብረ ኤልያስ የቀንድ ዋንጫ ይዘው ለገበያ የሚመጡት አያ ተገኘ አርባ ስምንቱንም ቁልፎች ከበሬ ቀንድ አዲስ ሊቆርጡልን ተስማሙ። እኔ ያኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ስፌት እየሰፋሁ ነበር የምውለው። ያልረገፉትን ቁልፎች ነቅዬ፣ የረገፉትን ቦታ ባዶ ትቼ፣ ስምንት ስምንት አድርጌ በስድስት ረድፍ እንደነበሩበት ተራ በጣውላ ላይ በሰም አጣበቅኋቸው። አንዷ አናቷ ላይ ጎድጎድ ያለች ነበረች፤ አያ ተገኘ አገላብጠው አይተው፣ «ይችንማ ብል በልቷታል» አሉና ሳቁ። እሳቸው ቆርጠው ሲሰጡኝ እኔ ሞረድሁ፣ አለሰለስሁ፣ አንዷን ከሌላዋ ጉንጬ እንኳ መለየት እስኪያቅተው ድረስ አስተካከልሁ።

የመጨረሻዎቹ ተጣብቀው የደረቁት በሠርጉ ዋዜማ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባባ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ቀኝ እጁን ሲያስጀምር ግራ እጁ ተንከራተተ፤ እንደገና ጀመረ፣ አሁንም ሳተ።

«እጄ ዕውር ነው፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «መንገዱን የሚያገኘው በዚያች በጎድጓዳዋ ነበር።»

አዲሶቹን ሁሉ እኩል አለስልሼ ጎድጓዳዋን ያስቀረሁበት እኔ ነበርሁ። «የትኛዋ ነበረች?» አልሁት።

«እኔ እንጃ! ይህን ሁሉ ዘመን ዳበስኋት እንጂ አይቻት አላውቅም።»

እኔ ግን አይቻት ነበር። ጣውላውን አምጥቼ ቆጠርሁ፤ በሁለተኛው ረድፍ አራተኛዋ። የምሰፋበትን ወስፌ እሳት ውስጥ ከተትሁት። ቀንዱ ቢሰነጠቅ ምትክ አልነበረም፣ አያ ተገኘም ወደ አገራቸው ሄደዋል።

«ትችያለሽ?» አለ አባባ።

«እችላለሁ» አልሁ። ወስፌው ቀንዱን እያጨሰ ገባ፣ ወጣ፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ቀረች። አባባ በጣቱ ዳበሳት፣ ዓይኑን ጨፈነና እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

በማግሥቱ ዳሱ ውስጥ አማቾቻችን እስክስታ ሲወርዱ፣ አባባ ዜማውን መሀል ላይ አቁሞ፣ «ይኸን ያስነሣችው ልጄ ናት!» ብሎ ስሜን ጠራ፤ ቀድማ እልል ያለችው እማዬ ነበረች። መስከረም ሲጠባ ስሜን በጠራበት አንደበቱ ትምህርት ቤት አስመዘገበኝ፤ ከወገቤ በታች ከሆኑ ሕፃናት ጋር ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር አንድም ቀን አላፈርሁም።

ባለፈው ጥር የእህቴ የልጅ ልጅ በትልቅ አዳራሽ ተዳረች። ዘፈኑ መሀል ላይ ድምፅ ማጉያው ሲቋረጥ፣ አንድ ጎልማሳ ሽቦዎቹ መሀል ተንበርክኮ አስተካክሎት ጭፈራው ቀጠለ፤ ዘወር ብሎ ያየውም አልነበረም። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ፣ ስሙን ጠየቅሁት።