ለሱብሒ የማይታጠፍ ጉልበት

አራዳ ላይ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጠው ራቢዓ ስትናገር ቁጡ ናት፤ ሆዷ ግን ቡቡ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቁጣዋን ነው፣ ምን ይደረግ።

ልጇ ፈህሚያ ሰባት ዓመት ሲሞላት እንደ ወጉ ሰላት ጀመረች። በቀትሩ ሰላት፣ ዙሁር ላይ፣ እጥፍ ዘርጋ ትላለች፤ በንጋቱ ሱብሒ ላይ ግን ቀኝ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ግድግዳ ይዛ ቆማ ትቀራለች። «እማዬ፣ አመመኝ» ትላለች። ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ የዋለችን ልጅ፣ ጎህ ሲቀድ አመመኝ ብትል ማን ያምናል? «ለሰላት ሲሆን ነው እንዴ የሚያምሽ? ሸይጣን ነው፣ ተነሺ» እያለች ወራት አለፉ።

በኋላ ጉልበቷ አብጦ ሱሪዋ አልወጣ ሲል፣ ራቢዓ ደንግጣ ሱቋን ዘጋችና ሆስፒታል ወሰደቻት። ዶክተር እንዳልካቸው ጉልበቷን ዳበስ ዳበስ እያደረገ፣ «ጠዋት እንዴት ናት?» አላት።

«ለሱብሒ ሰነፍ ናት። ዙሁር ሲደርስ ደህና ትሆናለች» ብላ ከሰሰቻት።

«ስንፍናስ አይደለም» አለ ረጋ ብሎ። «የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ጠዋት ያደርቃቸዋል፣ ሲንቀሳቀሱ ይለቃቸዋል።»

ራቢዓ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም። ሕመሙ ዓይነት ዓይነት አለው፤ ብዙ መገጣጠሚያ የሚይዝ አለ፣ ከትኩሳትና ከሽፍታ ጋር የሚመጣም አለ። የፈህሚያ ግን ጉልበቷንና አንድ ቁርጭምጭሚቷን ብቻ ነው የያዘው። «ይኼኛው ዓይነት ክፋቱ፣ ሳያሳምም ሳያቀላ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ደህና ነኝ ብትልም በየጊዜው ዓይኗ ይታይ» አላት።

ጉድ እኮ ነው። አመመኝ ስትላት አላመነቻትም፤ አሁን ደግሞ አላመመኝም ስትል እንዳታምናት ተባለች።

በመድኃኒቱ እብጠቱ ሲጎድል ጎረቤቱ ሁሉ፣ «ድና የለም እንዴ፣ ምነው ልጅቱን ታንከራትቻታለሽ?» አላት። ፈህሚያም፣ «ዓይኔን ምንም አላመመኝም» እያለች ለመነች። ራቢዓ ግን እጇን ይዛ ዓይኗን ልታስመረምር ወሰደቻት። የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያ ስታያት፣ ግራ ዓይኗ ውስጥ ብግነቱ ጀምሮ አገኘችው። «እንኳን በጊዜ መጣችሁ» ስትላት፣ ራቢዓ እዚያው ወንበሩ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ቤት ገብተው የታዘዘውን ጠብታ ስታወጣ ፈህሚያ ፊቷን አዞረች። «እማዬ፣ ያቃጥለኛል» አለች።

«አምኜሻለሁ፣ የኔ ዓለም» አለቻት ራቢዓ። ግንባሯን ሳመቻትና፣ ዓይኗን በጣቷ ከፍታ ጠብ አደረገችላት።