ከቢፌው ላይ የወረደው ሳጥን

አቻምየለሽ ሃያ ስድስት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ፊት ቆማ ጡረታ ስትወጣ፣ ጆሮዋን እዚያው ትታ ነው የወጣችው። ነገሩ የአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋ፤ ቀጥሎ የስልክ ጥሪ፤ ኋላም የልጇ የሶሊያና ቀጭን ድምፅ። ሰው ያለውን ባንድ ጊዜ ቢያጣ አልቅሶ ይወጣለት ነበር። በጥቂት በጥቂቱ ሲሄድበት ግን መሄዱንም አያውቀው። እሷም የሰው ከንፈር እያየች መመለስ ለመደች፤ ጎረቤትም ለመደ።

ማጣቱን ያልለመደችው ነገር ቢኖር ጭፈራ ነው። በወጣትነቷ እሷ ያልጨፈረችበት ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ጥር ሶሊያና ተዳረች። እሑድ በሰርጉ አዳራሽ የሙሽሪት እናት ተጎትታ ወጣች። ትከሻዋን ጣለች፤ ሰዉ አጨበጨበላት። ዘፈኑ ግን ተለውጦ ኖሯል፤ ሌላው ወደ ጉራጌኛ ሲዞር እሷ ገና እስክስታው ላይ ናት። የሙሽራው አክስት ብዙወርቅ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየቻት። ከንፈር ማየት የለመደ ሰው በነጠላ የተሸፈነም ሳቅ አያመልጠውም። ሄዳ ቁጭ አለች።

ሐሙስ መልስ ነው፤ ያውም በራሷ ቤት።

«ወጥ ቤት እሆናለሁ» አለችው ባሏን ተክሌን። «አስተናግዳለሁ እንጂ አልጨፍርም።»

ተክሌ የባቡር ጡረተኛ ነው። ለማንኛውም ችግር ድምፅ መጨመር መድኃኒት ይመስለዋል። ረቡዕ ጠዋት አቃቂ በሰቃ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግነው ከስልጤው ሀይረዲን ዘንድ ሄደና ይዞት መጣ።

ሀይረዲን ሳሎኑን አየት አየት አደረገ። ሶሊያና ለእንቁጣጣሽ ያመጣችው ሆም ቴአትር ነው፤ አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያ በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ ድምፁን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሪሲቨር ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። ትልቁ ጥቁር ሳጥን፣ ወፍራሙን ድምፅ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ሰብዉፈር፣ ግን ቢፌው አናት ላይ ከነላስቲኩ ነው። ዳንቴል ለብሷል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል።

«ጋሼ ተክሌ፣ ይሄ ሠርቶ ያውቃል?»

«ገመዱ እዚያ ድረስ አልደርስ አለ። አምስቱ እየጮኹ ነው ብለን ተውነው።»

«ታዲያ ወደ ታች አታወርዱትም?»

«ይሄን የሚያህል ዕቃ መሬት ላይ? ዕቃም እንደ ክብሩ ነው የሚቀመጥ።»

«ጋሼ፣ ንጉሡን ዘውድ ደፍተውለት አፉን ለጉመውታል እኮ።»

ሳጥኑን አወረደው። ላስቲኩን ሲገፍፍ ተክሌ ፊቱን አዞረ። ሀይረዲን ከሪሲቨሩ ጀርባ አንድ ገመድ ስቦ አገናኘና ማስተካከያውን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተ። ሰብዉፈር በሚለው ፊት «የለም» የሚል ተሞልቶበት ነበር፤ «አለ» አደረገው። አምስቱ ትንንሾች መሆናቸውንም ለሪሲቨሩ ነገረው፤ ወፍራሙ ድምፅ እነሱን ትቶ ወደ ሳጥኑ እንዲሄድ።

«ከእትዬ ጆሮ ማሽኑ የወሰደው ቀጭን ቀጭኑን ነው» አለ። «ወፍራሙ አለ። እርስዎ ግን የሌላቸውን ነው ሲያስጮኹላቸው የከረሙት።»

ቀጥሎ ያደረገው ተክሌን ግራ አጋባው። ሳጥኑን አንስቶ አቻምየለሽ ዘወትር የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀመጠው። ቤዝ አንዱ ጥግ ላይ ያብጣል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ሳጥኑ በሰው ቦታ ይቀመጣል፤ ሰው ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳኸ ያዳምጣል፤ ጥሩ የተሰማበት ላይ ያወርዱታል። ዘፈን ከፍቶ ተንበረከከ።

«እኔም ልዳኽ?» አለ ተክሌ።

«ሁለት ሰው ይሻላል፣ ጋሼ።»

ጎረቤታቸው አደሴ የመልሱን ድስት ይዛ ስትገባ አንዱን ከበሩ ሥር፣ አንዱን ከቢፌው ሥር አገኘቻቸው።

«ምን ጠፋባችሁ?»

«ቤዝ» አለ ተክሌ ቀና ሳይል።

«ወርቅ ነው?»

ዳር ላይ ተቀምጣ የነበረችው አቻምየለሽ የአደሴን ከንፈር አይታ ሳቀች፤ ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሀይረዲን የበሩን ጥግ መረጠ፤ እዚያ ይበረታል አለ። አቻምየለሽ ግን ጫማዋን አውልቃ ተነሣች። ሽመና ክፍል ውስጥ አርባ ማሽን ባንድ ላይ ሲንኳኳ የታመመውን በጆሮ የሚለይ የለም፤ የቆዩት ሠራተኞች ከወለሉ በውስጥ እግራቸው ነው የሚያውቁት። የቤቷ ወለል ደግሞ ጣውላ ነው። ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ይዛ ሄደች።

«እዚህ አንዱ ምት ሌላውን ይረግጠዋል» አለች ጥጉ ላይ። ሦስት እርምጃ አልፋ፣ መኝታ ቤቱ በር አጠገብ ቆመች። «እዚህ ለየብቻ ይመጣሉ።»

ሀይረዲን እዚያው ተደፍቶ ብዙ አዳመጠና ሳጥኑን ከሶፋው አምጥቶ አስቀመጠው።

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ። እኔ ብዛቱን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያ ሱቅህ ቅጠረኛ።»

«ቀጥሬዎት እኔ ምን ልበላ?»

ጆሮ ያለን ሰዎች ሙዚቃ በአየር ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ስንቱ ነገር ከእግራችን ሥር እያለፈ፣ ጫማ አድርገን ቆመንበት ይሆን?

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቤቱ ሞላ። አቻምየለሽ ወጥ ቤት ነበረች፤ ሶሊያና እጇን ይዛ አወጣቻት። መሀል ላይ ባዶ እግሯን ቆመች። ጠበቀች። ምቱ ከጣውላው ሲወጣ ትከሻዋ አብሮት ወጣ። ዘፈኑ ወደ ጉራጌኛ ሲዞር ከሁሉም ቀድማ ዞረች። ተክሌ ዓይኑን ሊጠርግ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብዙወርቅ ፊት ለፊቷ ገባች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ነበር፤ ላብ በላብ ሆኑ።

በዚህ መሀል መብራት ሄደ። ሰዉ በሞቅታ ሁለት ሦስቴ አጨብጭቦ ነው ዝምታው የገባው። አቻምየለሽ ግን በዚያችው ቅጽበት፣ አንድ ትከሻዋን ወደ ላይ እንዳነሣች ቀጥ ብላለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች፤ ትከሻዋን ግን አላወረደችም።

ብዙወርቅ ታኮ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሶፋው ሥር ወረወረችና ጣውላውን በተረከዟ ትመታ ጀመር። አደሴ ተቀበለቻት፤ ሙሽራው ተቀበለ፤ ተክሌ በከዘራው ጨመረበት፤ ሳሎኑ በሙሉ ይረግጥ ጀመር።

አቻምየለሽ ትከሻዋን ጣለች።