የሠላሳ ክረምት ማስታወሻዬና የአማቼ ስጦታ

አማቼ የሠላሳ ክረምት ማስታወሻዬን አጠፋብኝ። ጠልቶኝ አይደለም። ሰርቆኝም አይደለም። አክብሮኝ ነው ያጠፋው... ክፋቱ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፍልሰታ ሲፈታ ከጣራ ገዳም ሱባኤ ተመለስሁ። ቤት ስደርስ ልጄ የኔነሽና ባሏ ይርጋ ከሐሙሲት መጥተው ጠበቁኝ። ይርጋ መምህር ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ሳልቀመጥ አይቀመጥም። ቀና ብሎም አያየኝ።

«አባባ፣ ይርጋ ስጦታ አዘጋጅቶልዎታል» አለች ልጄ እየሳቀች። ላፕቶፔን ከፈተችው።

የማላውቀው ሰማያዊ ሥዕል መጣ። ዊንዶውስ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ወረታ ላይ ሬዲዮ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። ኮምፒውተርንም የተማርሁት የተጣለ ላፕቶፕ አንሥቼ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ጭኜበት፣ መዝገበ ቃላት ጎኔ አስቀምጬ ነው። ሊኑክስን የያዝሁት በነጻ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። የሠሩት ሰዎች ውስጡን ገልጠው «እዩት፣ አርሙት፣ ለሌላውም ስጡት» ብለው ስለሰጡ ነው። እኛ ዘንድ የሚዞረው ዊንዶውስ ግን አብዛኛው ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የመጣ ነው። ቁልፉ የተሰበረ ዕቃ ቤቴ አይገባም ብዬ ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ከሚጭኑት ከፎቶ ቤቱ ሰዎች ጋር ስንት ዓመት ተጨቃጨቅሁ።

«አያ ታደገ፣ አገሩ ሁሉ የሚሠራበትን እርስዎ ብቻ ይኮንኑት?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ የፎገራ ሜዳ ውሃ ነበር። ርብ ወንዝ በየክረምቱ መቼ እንደሞላ፣ እስከ ማን ማሳ እንደደረሰ፣ ስንት ቀን ተኝቶ እንደሸሸ፣ የማን ሩዝ እንደተረፈ፣ ውሃው ከሸሸ በኋላ ጓያ ከዘራና ሽምብራ ከዘራ ማን እንደቀናው... በደብተር የያዝሁትን ምስጥ ሲጀምረው፣ የተረፈውን አንድ በጋ ሙሉ በአንድ ጣት እየለቀምሁ ያስገባሁት ነው። ደብተሩንማ ምስጡ ጨረሰው። ግራ የገባው ጎረቤት ይመጣል፣ ይጠይቀኛል፣ ከፍቼ አነብለታለሁ።

«ጽሑፌ የት አለ?» አልሁ።

ይርጋ መሬት መሬት እያየ «ይወጣል ብለውኛል...» አለ።

«ማን ነው ያለህ?»

«የፎቶ ቤቱ ሰዎች። እነሱ ናቸው ዊንዶውሱን የሰጡኝ። የድሮውን ጽሑፍ ዊንዶውሱ ራሱ ፈልጎ ያወጣዋል አሉኝ።»

እስከዚህ ድረስ አልደነገጥሁም። ሌላ ቅጂ ነበረኛ! ለፋሲካ ሲመጡ በፍላሽ አድርጌ «አስቀምጥልኝ» ብዬ የሰጠሁት ለራሱ ለይርጋ ነው።

«እንግዲያው ፍላሹን አምጣው» አልሁት።

ወደ የኔነሽ ዞረ።

«ይርጋ፣ ፍላሹን!»

«ዊንዶውሱን የጫንሁት በሱ ነው አባባ... ለመጫኛ እንዲሆን መጀመሪያ መጥፋት ነበረበት።»

«ስታጠፋው ውስጡ ያለውን አላየህም?»

«አየሁ። ላፕቶፑ ላይ አለ ብዬ ነው።»

የኔነሽ መሳቋን አቆመች።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልሁት። ድምፄ ግቢ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«አማት ዕቃዎ አይረባም ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ፎቶ ቤት ሲስቁብዎት ሰማሁ... አልቻልሁም። እርስዎ ሱባኤ ሳሉ ላስተካክልልዎት ብዬ ነው።»

ያደገበት እንዲህ ነው። አማትን ደፍሮ መጠየቅ ነውር፣ ደብቆ መልካም መሥራት ግን ክብር ነው። እኔስ? ይህንኑ ክብር ከእሱ ስፈልግ ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ «ቀና በል፣ የልብህን ተናገር» ብዬው አላውቅም።

ከሌላ ፍላሽ ሊኑክስ አስነሥቼ ሦስት ቀን የጠፋውን ስፈልግ ከረምሁ። ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች ወጡ። አብዛኛው አይነበብም። ደህና ሆኖ የተገኘ አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው። ያኔ ሊኑክስን ከሠሩት ሰዎች ተምሬ ከማስታወሻው ሁሉ አስቀድሜ አናቱ ላይ የጻፍሁት ነው።

«ይህን ማንም ይገልብጠው። ያርመው። ለማንም ይስጠው። አይከለከልም።»

ከዚያ በታች ባዶ።

ይህ ቃል እዚያ ላይ ተጽፎ ይህን ያህል ዘመን ሲቀመጥ አንድ ሰው መጥቶ «ልገልብጠው» አላለኝም። እኔም «ና ገልብጥ» ብዬ አልጠራሁም። ሰው እየመጣ እኔን መጠየቁን ወድጄው ነበር መሰለኝ።

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ ሙላቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ።

«አያ ታደገ፣ ውሃው ሩዜ ላይ ከተኛ አራተኛ ቀኑ ነው። ይፋግ ያለው ወንድሜ ሩዙ የተረፈለት ዓመት ስንት ቀን ነበር የቆየበት? ልጠብቅ ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?»

«አላስታውስም» አልሁት።

«ከፍተው አያዩልኝም እንዴ?»

«የለም።»

ላፕቶፑን አየው፣ እኔን አየኝ። «ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ወደ ውሃው ተመለሰ። ምን እንደወሰነ አላውቅም... ለመጠየቅም ፊት የለኝም።

አሁን አስተያየት መስጫው ላይ «ምነው ሌላ ቅጂ ቢይዙ» ልትሉኝ ነው። ይዤ ነበር፣ ማን ዘንድ እንደነበረም ነገርኋችሁ። ይርጋ በየቀኑ ይደውላል፤ ስለ ጤናዬ ሲጠይቀኝ እመልስለታለሁ።

ስለዚህ ነገር ግን ለእሱም፣ ለእናንተም፣ ለማንም የምናገረው ይኸው የመጨረሻው ነው። ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም።