ዉዱእ ያጠበው የፓርክ ማህተም

የልጄ መርዶ ከአሰንዳቦ የደረሰኝ ቀን፣ ቤቴ ሊያጽናናኝ የገባውን ሰው ማንም ማህተም አልጠየቀውም። ዛሬ ግን እኔ ተጠየቅሁ።

ሟቿ ልጄ የተወችልኝን ሕፃን እዚሁ ጅማ ወደ አንድ መጫወቻ ፓርክ ወሰድኳት። ትኬት ቆርጠን ስንገባ እጃችን ላይ ማህተም መቱልን። ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ማስረጃው እሱ ነው አሉ።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲደርስ ሕፃኗን አብራን ለመጣችው ጎረቤቴ አደራ ብዬ ከመንገዱ ማዶ መስጊድ ሄድኩ። ዉዱእ የሚያደርግ ሰው እጁን ይታጠባል። ፓርኩ ይህን ገና አልሰማም።

ስመለስ ጥበቃው እጄን አገላብጦ አየ።

«ማዘር፣ ማህተም የለዎትም።»

«ለሶላት ስታጠብ ለቀቀ፣ ልጄ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እርጥብ እጅ ለእጅ እየለጠፉ ማህተሙን ለጓደኛ ያጋባሉ።»

ማሻአላህ! በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጄ ሐዘን ላይ ሆኜ፣ ማህተም ሳባዛ ተያዝኩ። ለዚያውም ለዥዋዥዌ።

ስንከራከር ሕፃኗ በአጥሩ ሽቦ መሃል አየችኝ። እኔን አያቷን አኮ ነው የምትለኝ። እየሮጠች መጥታ ሽቦውን ጨበጠች።

«አኮ፣ አንቺም እንደ እማዬ ልትቀሪ ነው?» ብላ አለቀሰች።

ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ በሩን ከፈተልኝ። እጄ ላይ ግን እንደገና ማህተም መታ፤ ሥርዓት ነዋ!

እናንተስ ገንዘብ ከከፈላችሁበት በር ላይ ተከልክላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። ከዚያ በፊት ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እናቷን እንዲህ ለምትፈልግ ሕፃን ስትሉ፣ ለልጄ ዱዓ አድርጉላት። አላህ ይዘንላት በሉልኝ።