ጤፍ የረገጥንበት ክረምት

አባቴ አልሞተም።

ይህችን አንዲት መስመር ጽፌ ብተዋት ደስ ይለኝ ነበር። ደጋግሜ አነበብኋት፤ ፊደሏም አልተጣመመችም። ፊደል ያስቆጠሩኝ አያቴ ናቸው፣ የአባቴ አባት። ጎረቤቱ «ለሴት ልጅ ምን ሊያደርግላት ነው?» ሲላቸው «ለአንተ ምን አደረገልህ?» ብለው መለሱለት። እስከ ዛሬ የጻፍሁት የዳዊትን ቃል እየገለበጥሁ ነበር። ይህ ግን የራሴ ነው፣ ደግሞም እውነት ነው፤ አባቴ አልሞተም።

ወሬውን ያመጣው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ትናንት ጧት እኔ ደጅ ላይ ገብስ ስሸከሽክ፣ እንዴት አደራችሁ እንኳ ሳይል፣ «አየሁት! በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ቆሎ ሲቆረጥም!» እያለ አጥሩን ዘሎ ገባ። ዘነዘናው ከእጄ ወደቀ።

የት እንዳየው አልጽፍም። ደብረ ታቦር የተቀመጠው ጣልያን አማርኛ ማንበብ ባይችል አስተርጓሚው ይችላል። የማንንም ስም ያልጻፍሁት ለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ ጫካ የገባው እህሉ ተወቅቶ አውድማው እንደተነሣ ነው። እናቴ ያኔ ማርገዟን ገና አላወቀችም። በሰኔ አንድ ቀን ጎተራው ውስጥ ገብቼ የዘር ጤፍ ስጠርግ፣ አያቴና አጎቴ ከውጭ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኔ እዚያ መኖሬን አላወቁም።

«ባናውን አየሁት፣ አባባ» አለ አጎቴ። «ጥቁሩን የበግ ጠጉር፣ እትዬ ፈትላ ያስሠራችለትን፣ ጠርዙ ነጭ የሆነውን። ሬሳውን በሱ ጠቅልለው ከወንዙ ማዶ ተሸክመው ሲሄዱ። መሻገሪያውን ወታደር ይዞታል፣ መጠጋት አልቻልሁም።»

የአያቴ በትር መሬቱን ሲጭር ሰማሁ። ኋላ «ጤፉ ሳይዘራ እንዳትነግራት» አሉ።

«ከተዘራስ በኋላ?»

«ከተዘራ በኋላ ትወልዳለች። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ክርስትናው ይለፍ። በማግስቱ ጧት ሽማግሌ ይዘን እንገባለን።»

በእኛ ዘንድ መርዶ ማልዶ ነው የሚነገር፣ ሰው ተሰብስቦ። ልክ ናቸው፣ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው። አላለቀስሁም። ተቀምጣችሁበት ደንዝዞ የሰው እግር የሚመስላችሁን እግር ታውቁታላችሁ? ሁለመናዬ እንደሱ ሆነ። ጤፉን ጠርጌ ወጣሁ። እናቴ «ምነው ቆየሽ?» አለችኝ። «ብዙ ነው» አልኋት። ብዙ አልነበረም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ክረምት ደግሞ ሰውን ቁጭ ብሎ እንዲያስብ አይተወውም። ጣሪያው ያፈሳል፣ እንጨቱ ረጥቦ ይጨሳል፣ ዶሮው ዱቄቱን ይበትናል። ታናናሾቼ ሦስት ናቸው፤ አክስቴም ከከተማ የራሷን ልጆች አምጥታ ጥላብን ሄዳለች፣ እዚያ እህል ጠፋ ብላ። አንዱን አልብሼ ስጨርስ ሌላው ጭቃ ውስጥ ነው። እናቴ ሆዷ እየከበደ ሄደ፤ ሥራዋ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሠራሁት። ምን እንደሠራሁ ብትጠይቁኝ ግን አላስታውስም። እናቴ ዝምታዬን አይታ የሆድ ሕመም ነው አለችና ጧት ጧት ፌጦ በጥብጣ ታጠጣኝ ጀመር። እጠጣለሁ። ማቃጠሉም አይሰማኝም።

ጤፍ በደንብ በተረገጠ መሬት ላይ ነው የሚዘራው። መሬቱ ታርሶ ታርሶ ዝናብ ሲጠግብ የጎረቤት ከብት ሁሉ ተሰብስቦ ይነዳበታል፤ አፈሩ ካልጠበቀ ያቺ ደቃቅ ዘር ትሰጥማለች። ዘንድሮ ግን ለጣልያን ያደሩት ባንዶች ከብቱንም ፍየሉንም ነድተው ወስደውታል፤ ለመንደሩ የቀሩት ጥቂት በሬዎች ናቸው፣ እነሱም ከእርሻ አይተርፉም። ሐምሌ እያለቀ ነው። አያቴ ማሳው ዳር ቆመው አዩና ወደ ቤት ጮሁ፦

«እግር ያለው ሁሉ ይውጣ!»

ወጣን። ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ትልቁ ከዳር ትንሹ ከመሐል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። አያቴ ጅራፋቸውን በባዶ ሜዳ እያጮሁ ከኋላ ይነዱናል።

«ና ወዲህ፣ ቡሬ! አንቺ ጊደር፣ ወዴት ነው?»

«እምቧ!» ይላል ወንድሜ።

«ይሄ በሬ ሰነፍ ነው፣ ለመስቀል ይታረዳል!»

«አባባ፣ ቆዳዬን ለማን ይሰጡታል?»

«ቆዳህንማ ማን ይፈልገዋል፣ በእከክ ያለቀ!»

የአክስቴ ትንሿ ልጅ በአፍንጫዋ ተደፋች፤ ስትነሳ ከዓይኗ በቀር የሚታይ የላትም። ጎረቤታችን በመንገድ ሲያልፍ ቆመና «ዘንድሮ የእናንተ ጤፍ ጣት አውጥቶ ነው የሚበቅለው!» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አፌን ከፈትሁ፤ ሳቅ ግን አልመጣም። እህቴ ድንገት «ደም! እግርሽ!» ብላ ጮኸች። እሾህ ገብቶ ኖሯል፤ የገባው መቼ እንደሆነ አላወቅሁም። ነቀልሁትና ረገጥሁ።

ሰማዩ ሲከፈት አያቴ ዘሩን መበተን ጀመሩ። ጥቂት ሄደው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። የአባቴ ሥራ ነበር ያ። ቀርቤ ቁና ያዝሁላቸው።

«ዓይኔ ውስጥ አፈር ገባ» አሉ።

«እኔም ገባኝ፣ አባባ» አልሁ።

ዝናብ ያራሰው አፈር አይቦንም። ዞር ብለው አዩኝ፣ ብዙ አዩኝ። ከዚያ እፍኝ ጤፍ ዘግነው መዳፌ ላይ አኖሩና «በትኚ» አሉኝ። በትኜ አላውቅም ነበር፣ የወንድ ሥራ ነውና። ጎን ለጎን ሆነን ጨረስነው። ከዚያ በኋላ ማወቄን ያውቃሉ፣ እኔም ማወቃቸውን አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

በነሐሴ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጁን አቀፍሁት፤ ጆሮው የአባቴ ጆሮ ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣ። ልጆቹ በየጧቱ «ክርስትናው ደረሰ?» ይሉኛል፣ ጠላውን ዳቦውን እያሰቡ። እኔ የማስበው በማግስቱ ስለሚሆነው ነው። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «ለዚያ ቀን ጸጉርሽን ሹሩባ እሠራሻለሁ» ስትለኝ «እሺ» እላለሁ። በማግስቱ ለለቅሶ የሚፈታ ሹሩባ።

እንግዲህ ትናንት አጎቴ አጥሩን ዘሎ የገባው በዚህ መሐል ነው።

አባቴ ባናውን አውልቆ የሰጠው ለአንድ ንዳድ ለያዘው ሰው ኖሯል። ሰውየው በዚያው አረፈ፤ በዚያው ባና ገነዙት። አጎቴ ይህን ሲያወራ አያቴ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉና ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሱትን አለቀሱ። እኔም ተከተልሁ። ደስታ እንደሚያም አላውቅም ነበር፤ የደነዘዘ እግር ሲለቅ እንደሚነዝረው።

እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን።

«ቆይ፣ ሞቷል ብላችሁ ነበር?»

አጎቴ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ወደኔ ዞረች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኋት።

«እኔስ ሆድሽን ነው ብዬ የአገሩን ፌጦ ጨረስሁት!»

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሜ ነው፤ ከዚያ ሁላችንም፣ እናቴም ሳትቀር፣ ሕፃኑ ነቅቶ እስኪጮህ። አጥብታው ዝም ካለ በኋላ ግን ወደ አጎቴ ዞረች።

«ያ በባናው የተገነዘው ልጅስ የማን ነው?»

«አይታወቅም፣ እትዬ። ታሞ ነው የደረሰባቸው። ከይፋግ በኩል ነኝ ብሏል፣ ሌላ የተናገረው የለም።»

«እናቱ አልሰማችም ማለት ነዋ።»

«ከየት ትሰማለች?»

እናቴ የሕፃኑን ጆሮ እየዳበሰች ቆየች። ከዚያ «አንቺ፣ መጻፍ ትችዪ የለ? ጻፊና ጥሪልኝ» አለችኝ።

ይህን የጻፍሁት ለዚህ ነው። በክረምቱ መግቢያ ከይፋግ በኩል ወጥቶ የቀረባችሁ ሰው ካለ፣ ለወንድሜ ክርስትና ኑ። ይህን ወረቀት ያነበበላችሁ ሰው መንገዱን ያሳያችኋል። ባዶ እጃችሁን ኑ። ልጆቹ ጤፉን ሊያሳዩአችሁ ይጎትቷችኋል፣ በእግራችን ልክ በቅሏል እያሉ፤ አዎ በሏቸው። በማግስቱም ቶሎ አትሂዱ። ያ ጧት ለእኛ ተቀጥሮ የነበረ ጧት ነው፤ እናቴ አብራችሁ ትቀመጣለች። እስከዚያው ግን ይህን ንገሪልኝ ብላለች፦ ልጃችሁ በርዶት አልሄደም፤ ራሷ ናት የፈተለችው፣ ባናው ወፍራም ነው።