ዘይት የምትጠጣዋ ፒክአፕ

ባሌ «ፒክአፗ ትሸጥ» ያለ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና እጄን ጠራርጌ ግቢ ወጣሁ።

«የማን ፒክአፕ ነች የምትሸጠው?» አልኩት።

«የአባ ነቻ።»

«አባ ሽጥልኝ ብለውሃል?»

«ምን ይላሉ? ሞተሩ እኮ አልቋል። ዘይት ትጠጣለች። በየማለዳው ብጨምርላት ብጨምርላት አልጠግብ አለች። ገዢ አግኝቻለሁ፣ እሁድ ከቢላ ከተማ ይመጣል።»

እንዲህ ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ። እኔ ሽንኩርቱን ጨረስኩት፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ሰው የሚሆን ንዴት ይዤ ነው የከረምኩት።

አባ የምላቸው አማቴ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። በወለጋ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ እኔ ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድቤ ነቀምቴ መጥቼ፣ እዚሁ ተድሬ የቀረሁ ነኝና ወጉን ከአገሬው በላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ካለበት የተጋባበት ይባል የለ። መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ በዚችው በናፍጣ በምትሄድ አሮጌ ፒክአፕ። ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ስንደረደር ባሌ ቢሆን አብዶ ነበር። እሳቸው «ሱታ፣ ኢንተላኮ» ብቻ ነበር የሚሉኝ፤ ቀስ በይ ልጄ ማለት ነው።

በዚች መኪና ያላጓጓዙት የለም። ቡና ጭነዋል፣ በቆሎ ጭነዋል፣ ሙሽራ ጭነዋል፣ የጸሎት ቤታቸውን መዘምራን ከነከበሯቸው ጭነዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን አንድ መንገድ ነበረቻቸው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ሁሉ አርጆ ከተማ ሄደው ታላቅ እህታቸውን ማየት። ሁለቱ አዛውንቶች ሲገናኙ ምን እንደሚያወሩ እንጃ፣ አባ ሲመለሱ ዐሥር ዓመት ቀንሰው ነው የሚመለሱት። ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ኦፕሬሽን ሆኑ። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ እንዳይነዱ አለ። ጥቂቱ ጊዜ አለፈ፣ ሐኪሙም ይንዱ አለ፣ ቁልፉ ግን ከባሌ ኪስ አልወጣም። «ትንሽ ይቆዩ» ይላል። አሁን መኪናዋ ከተሸጠች ደግሞ ትንሽ የሚባል ነገር የለም፤ አባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መቅረታቸው ነው።

የአባ የዘይት ሕግ ቀላል ነው። የሚገዙት አርባ ቁጥር የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው፣ ክዳኑ ያልተፈታ። ከበርሜል ወደ ጀሪካን የሚገለበጠውን «እናቱ የማትታወቅ» ነው የሚሉት። መቼ እንደሚቀየር ደግሞ የሚቆጥሩት በመንገድ ነው፣ ምክንያቱም የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እኔ ከመዳሬ በፊት ነው የሞተው። ወደ ዲጋ ከተማ የሚወስደው አስፋልት ቀላል መንገድ ነው፣ ብዙ አይቆጠርም። ጠጠርና አቧራ ከበድ ይላል። ክረምት ላይ በጭቃ፣ በአንደኛ ማርሽ እየማሰኑ የተሄደች አጭር መንገድ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። «መኪና በርቀት አትደክምም፣ በመንገድ ነው የምትደክመው» ይላሉ። በልባቸው ይደምሩና አንድ ቀን ተነሥተው «ዛሬ ይቀየር» ይላሉ። ዘይቱን ከነፊልትሮው ያስቀይራሉ፣ አለቀ።

የዘይቱን ልክ የሚያዩት እሁድ እሁድ ነበር። ከጸሎት በኋላ በዚያው በጸሎት ቤቱ ግቢ ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው እንደለበሱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይስባሉ፣ በነጭ መሐረብ ይጠርጋሉ፣ ያያሉ። ምእመኑ ሁሉ ለምዶታል። እናቶች «የዛሬው ስብከት ለእርሷም ደረሳት?» እያሉ ያልፋሉ።

ቁልፉ ባሌ እጅ ከገባ በኋላ ይህ ሁሉ ተቀየረ። ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ መልካም ሰው ነው፣ ግን ሲወድ ልክ አያውቅም። የአባቱ መኪና በእኔ እጅ አትበላሽም ብሎ ስለ ዘይት ከስልኩ ያላነበበው የለም። ስልኩ «ሞተሩ ሳይነሣ፣ ማለዳ ለካ» አለው። ማለዳ ግቢያችን ውስጥ ለካ። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ነው። ጨመረ። ሰንበትበት ብሎ ለካ፣ አሁንም በታች። ጨመረ። ቀጥሎ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ጀመር። አንድ ጋራዥ ያለው ወዳጁ መኪናዋን ሳያይ፣ ሻይ እየጠጣ፣ «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ወፍራም ዘይት አድርግባት» አለው። ሃምሳ ቁጥር ተገዛ። ጭሱ ባሰ። ደግሞ ዘይቱ ጠቆረ ብሎ ገና ሳትሠራበት ያስቀይራል። አባ አንድ ቀን «የናፍጣ ሞተር ዘይት ይጠቁራል ልጄ፣ እድፉን ተሸክሞ እኮ ነው» አሉት። «አባ፣ ድሮና ዘንድሮ አንድ አይደለም» አላቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ስልክ ከወረቀትም ይብሳል።

አባ ከዚያ በኋላ ስለ ዘይት አልተናገሩም። ማለዳ ባሌ ኮፈኑን ሲከፍት አጠገቡ ይቆማሉ፣ ሲዘጋ ወደ በረንዳው ይመለሳሉ። ገዢ መጥራቱን የሰሙ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ የቆመችው መኪና ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ፀሐይ ሸሽቼ ነው» አሉኝ። ፀሐይ አልነበረም። አንጀቴን በሉት።

ገዢው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ሰበብ ፈጠርኩ። «ዲጋ ያለችው ባልደረባዬ በቆሎ ልትሰጠኝ ነው፣ ሳትሸጥ የመጨረሻ ላመላልስባት» አልኩት ባሌን። ማለዳ ለካ፣ ጎድሏል ብሎ ጨመረ፣ ትርፉን ጣሳ ደግሞ «መንገድ ላይ ብትጠጣ» ብሎ አስያዘኝ። አባን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣን። ጉድ ነው፤ በጭሱ ተማርሮ ከኋላችን የሚመጣው ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። ዲጋ ስንደርስ አንድ የኳስ ሜዳ ዳር አቆምኩና ትብረድ ብለን ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ ለመጨመር ብዬ መለኪያውን ሳብኩት። ዘይቱ የላይኛውን ምልክት አልፎ ዘንጉ ላይ ወጥቷል።

«አባ፣ እስቲ ይዩልኝ» አልኩ።

ወረዱ። መሐረባቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ሰደዱት፣ ሳቡት። ያው ነው።

«ማለዳ ጎድሎ አልነበረም?»

«ጎድሎ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

መለኪያውን ወደ ቦታው መለሱና «ኢንተላኮ፣ መኪና መንገድ ላይ ዘይት አትወልድም» አሉ። ሁለታችንም ያልገባን ነገር ይዘን፣ በቆሏችንን ጭነን፣ እየጨስን ተመለስን።

እሁድ ማለዳ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ኮፈኑ ሲከፈት ሰማሁ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ባሌ መለኪያውን ይዞ ቆሟል፣ አባም በቦታቸው አሉ።

«ይኸው» አለኝ ባሌ፣ «ትናንት ሞልቶ ፈስሷል ስትዪኝ አምሽተሽ የለ? ጎድሏል።»

«ሌሊቱን ጠጣችው ነው የምትለኝ? ሞተሯ ሳይነሣ? ቆማ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አሮጌ ናት።»

ከሥሯ አጎንብሼ አየሁ፣ ጠብታ የለም። ቀና ስል መኪናዋን እንደ አዲስ አየኋት። አፍንጫዋን ወደ ቤቱ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አድርጋ ነው የቆመችው፤ ማለትም አንጋጣ። እኔ የሜዳ አገር ልጅ ነኝ። እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን ድስት እሳት ላይ ቀጥ ብሎ አልቆም ብሎኝ አልቅሻለሁ። የአልጋችን ሁለት እግር ሥር እንጨት አለ። የምግብ ጠረጴዛው ሥር እንጨት አለ። ልብስ የምናጥብበት ሳፋ በአንድ በኩል ሲፈስ በሌላው በኩል ገና ግማሽ ነው። አባ ልኩን ያዩ የነበረው ደግሞ ለጥ ያለው የጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር እንጂ እዚህ አልነበረም።

«አንተ» አልኩት ባሌን፣ «ሾርባ በሳህን ይዘህ ብታዘነብለው ሾርባው ወዴት ይሄዳል?»

«ምን አገናኘው?»

«ዘይቱ ከመለኪያው ወደ ኋላ ሸሽቶ ነው። ዳገት ላይ ነው የምትለካው።»

ዙሪያውን አየና ከልቡ፣ ምንም ሳይቀልድ፣ «የቱ ዳገት? ግቢያችን እኮ ሜዳ ነው» አለኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ። ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ ሰው ዳገት የሚለው እጁን መሬት አስነክቶ የሚያስወጣውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ሜዳ ነው። ክርክር አልገባሁም። ከጓዳ አንድ ብርቱካን አምጥቼ የፊት ጎማው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ብርቱካኗ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ተንከባለለች፣ በመኪናዋ ሥር አለፈች፣ ግቢውን ጨረሰች፣ በበሩ ሥር ሾልካ አስፋልቱ ላይ ወጣች። ስትወርድ ሦስታችንም በዓይናችን ሸኘናት።

አባ ሳቁ። ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁና «አዙሪያት» አሉኝ። አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙሬ አቆምኳት፣ ዘይቱ እስኪረጋ ጠበቅን፣ ባሌ መለኪያውን ሳበው። ከምልክቱ በላይ ነው፣ ያውም ብዙ። መልሶ ጠረገ፣ መልሶ ሳበ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ዘይት አብዝቼ ያስጨስኳት እኔ ነኝ?» አለ።

«ስለምትወዳቸው ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ንዴቴ እዚያው ላይ አለቀ።

ከጸሎት በኋላ ሰው ሲወጣ ያችኑ የጸሎት ቤት ግቢ ያዝን። ባሌ የእሁድ ልብሱን ሳያወልቅ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባና ያንን ወፍራም ዘይት በሙሉ በሳፋ አወረደው። አባ ያስገዙት አርባ ቁጥር ዘይት ገባ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ሜዳ ላይ ተለካ። ስንመለስ መጀመሪያ ትንሽ አሳላት፣ ትንሽ አጨሰች። ከዚያ ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳና ሰፈራችን ስንደርስ ጠፋ።

ገዢው ከሰዓት በኋላ መጣ። መኪናውን ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አቁሞ ገባ። የፒክአፗን ሞተር አስነሣ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ከኋላ ዞሮ የጭስ ማውጫውን በጣቱ ነካ። ያለቀ ሞተር ልገዛ ነው ብሎ የመጣ ሰው ፊቱ እየፈካ ሄደ። «ያው በተባባልነው ነው አይደል?» አለ። ባሌ ቃል ሰጥቷል፤ ለነጋዴ ቃል ትልቅ ነገር ነው። አንዴ እኔን፣ አንዴ መኪናዋን ያያል። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባ ከበረንዳው ቀደሙኝ።

«ሂን ጉርጉረሙ» አሉ። አትሸጥም።

ገዢው አማቴን አየ፣ ባሌን አየ። ባሌ ወደ አባቱ ሄደ።

«አባ፣ እንድትሸጥ ካልፈለጉ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«በየማለዳው መለኪያውን እየሳብክ ትጠይቀው ነበር» አሉት፣ ሳይቆጡ። «እኔ አጠገብህ ነበርኩ።»

ገዢው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ ማሰር ያዘ። ባሌ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዓይንዎስ? አሁን ደህና ያያሉ?» አላቸው። ይህን ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር።

አባ ከበረንዳው ሳይነሡ፣ ከበራችን አልፎ፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመችውን የገዢውን መኪና ተመለከቱና ታርጋዋን ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው አነበቡለት።

ባሌ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። በሁለት እጁ ሰጣቸውና ለመኪናዋ የግቢውን በር ሊከፍት ወረደ።