ከመወለዷ በፊት የነበራት እንቅልፍ

በእኛ አገር፣ በታች ጋይንት፣ አባት ስለ ሴት ልጁ እርግዝና አይጠይቅም። ሆዷ ገፍቶ በሩ እስኪጠባት ድረስ ያላየ መስሎ ይኖራል። ጉዳዩ የእናትና የሴት ጎረቤቶች ነው። እኔ ግን ሳልጠይቅ ማወቅ ልማዴ ነው። ፊደልን የለየሁት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተጻፈውን ሌላው ሲያነበው እሰማና፣ የሰማሁትን ድምፅ ካየሁት ቅርጽ ጋር እያዛመድኩ ብቻዬን ደረስኩበት። ዛሬ በመንደራችን ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው የእኔን በር ያንኳኳል። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቼ እገጥማለሁ። ላም ገና ሳትከብድ ማርገዟን በአረማመዷ እለያለሁ። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ስለ ልጅ ልጄ እንቅልፍ ያወቅሁት ነው።

ልጄ የተዳረችው ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ስለሆነ፣ ቀኗ ሲቃረብ ባሏ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ይዟት መጣና እኛ ዘንድ ትቷት ተመለሰ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ገና ሳይገፋ ወርዶባት ነበር። እሷ አታወራውም፤ እኛም አናነሣባትም። ነገር ግን ከበረንዳው ተነሥታ ወደ ጓሮ ስትሄድ እንኳ ውኃ የሞላ እንስራ እንዳዘለች ሰው ነበር የምትራመደው።

ቀን ቀን እጇ ሥራ ላይ ነው። ሽንብራ ትለቅማለች፣ ግቢ ትጠርጋለች፣ እናቷ «ተይ አረፍ በይ» ብትላትም አትሰማም። ሲመሽ መደብ ላይ ጋደም ስትል ግን እጇ በነጠላዋ ሥር ሾልኮ ወደ ጎኗ ይሄዳል። የጀመረችውን ወሬ ታቋርጣለች፤ ጥቂት ታዳምጣለች፤ ከዚያ ፊቷ ፍትት ይላል። አንድ ምሽት አየሁት። በማግሥቱም ጠብቄ አየሁት። አንዲት ቃል ሳልጠይቅ ገባኝ፦ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነቃል።

ይህን እውቀቴን ለጥቂት ጊዜ በሆዴ ይዤው ከረምኩ። ያወጣሁት በገበያ ቀን ነው። አርብ ገበያ ውለን ስንመለስ፣ እናቷ ከፊት፣ ልጄ ከመካከል፣ እኔ አህያውን እየነዳሁ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ወጣን። ቤት ስንደርስ ልጄ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»

ባለቤቴ የያዘችውን ዘንቢል ለቀቀችው። «እመቤቴ ማርያም! እመቤቴ አንቺ ታውቂያለሽ!»

እኔ ከአህያው ላይ ጭነት እያወረድኩ ነበር። ነውሩን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የልጄን ፊት አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቀን መቼ ተንቀሳቅሶ ያውቃል?» አልኳት። «እሱ የሚነቃው ሲመሽ፣ አንቺ ጋደም ስትዪ ነው። ዛሬ ገበያውን ሁሉ ስትዞሪበት አስተኝተሽው ነው የዋልሽው። ግቢና ተኚ።»

ልጄ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ባለቤቴ አፍጥጣ አየችኝ።

«ኧረ አንቱ ሰው! የልጅዎን ሆድ ሲጠብቁ ነው እንዴ የከረሙት?»

«እጇን ነው ያየሁት።»

«እጇንስ ቢሆን!»

ልጄን ደግፋ አስገባቻት። እኔ የአህያውን ገመድ እንደያዝኩ ውጭ ቀረሁ። አህያው ጋጣው ሊገባ ይጎትተኛል፤ እኔ አልንቀሳቀስም። ለሰው «አውቃለሁ» ብሎ መናገር ቀላል ነው። ያወቁት ነገር እውነት መሆኑን በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ከውስጥ የልጄን ሳቅ ሰማሁ።

«መታኝ! እማ፣ መታኝ፤ እጅሽን አምጪ!»

አህያውን ለቀቅሁት።

በማግሥቱ ባለቤቴ ለማንኛውም ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። አዋላጇ የንፋስ መውጫ ልጅ ናት፤ ጨዋታ ታውቃለች። መርምራ ልጁ ደኅና መሆኑን ከነገረችን በኋላ የደረስኩበትን ነገርኳት።

«አባቴ፣ ጥሩ ተመልክተዋል፤» አለችኝ። «እናት ስትንቀሳቀስ ልጁ እሹሩሩ እንደሚባል ሕፃን ጸጥ ይላል፤ ስታርፍ ይነቃል። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ፤ እንቅስቃሴው ከለመደው ካነሰባት ይመሻል ብላችሁ አትጠብቁ። ቶሎ ይዛችኋት ኑ።»

«እንግዲያው ከተወለደም በኋላ ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነቃል ማለት ነው፤» አልኩ።

ሳቀች። «እሱን እንኳ እንጃ። አዲስ የተወለደ ልጅ ቀንና ሌሊት አይለይም። ሲርበው ይነቃል፣ ሲጠግብ ይተኛል። የሚለምደው ቀስ እያለ ነው።»

«እንወራረድ?»

«ከአባት ጋር አልወራረድም። ብሸነፍም ባሸንፍም ነውር ነው።»

እኔ ግን ለመንደሩ ሁሉ ተናገርኩ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ የልጅ ልጄ ቀን እንደሚተኛና ሲመሽ እንደሚነቃ አስረዳሁ። እዚያ አብሮ አደግ ጓደኛዬ አለ። እሱ የእኔን ንግግር ካላጣጣለ ጠላው አይወርድለትም።

«ላም ማርገዟን በአረማመዷ፣ ልጅ መተኛቱን በእናቱ እጅ!» አለ። «ከርሞ ደግሞ ገብሱ ያየውን ሕልም ትፈታልናለህ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልተናደድኩም። እውቀት ያለው ሰው ለሳቅ ጊዜ ይሰጣል።

ባለቤቴ ግን ስትሰማ ተቆጣች። «ያልተወለደ ልጅ ላይ አፍዎን አይክፈቱ! የሰው ዓይን አለ፣ የሰው አፍ አለ።» እኔም ቤቱን ማሰናዳት ጀመርኩ። መደቡን በጭቃ አስተካክዬ ለሰንኩ፤ የቀን ብርሃን እንዳይገባ በመስኮቷ ላይ ጆንያ ሰቀልኩ። እናትና ልጅ ቀን አብረው ይተኛሉ፣ ሲመሽ እኛ እናጫውታለን ብዬ ነው።

ልጄ ወለደች፤ ሴት ናት። ጤና ጣቢያ ብትወልድም ብዙ ደም ፈሰሳት። እኔ ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ሰው የሚገባ የሚወጣበትን ፍጥነት እያየሁ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅሁ። ኋላ አዋላጇ ፊቷን እየጠረገች ወጣች።

«ቆሟል፤» አለች። «ግን በጣም ደክማለች። በደንብ ትብላ፣ በደንብ ትጠጣ፣ ከሁሉም በላይ ትተኛ። እንቅልፍ ካጣች ራሷም አታገግም፣ ወተቷም ያንሳል።»

«ለእንቅልፉ አታስቢ፤» አልኳት። «ልጅቷ ቀን ትተኛለች።»

ልጄ ይህን ከአልጋዋ ላይ ሰምታ ከንፈሯ ደርቆ ፈገግ አለች። «አባባ ካሉማ ይሆናል፤» አለች።

ቤት ገባን። ምሽቱ እኔ እንዳልኩት ሆነ፤ ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ እሳቱን ስታይ አመሸች። ቀኑ ግን እምቢ አለኝ። ትጠባለች፣ ዓይኗን ትከድናለች፣ መደቡ ላይ ሲያስተኟት ወዲያው ትጮኻለች። እናቷ ታቅፋት ብትቀመጥም ትጮኻለች። ቀኑም ምሽቱም ንቃት ሆነ። ልጄ ዓይኗ ጎደጎደ። ገንፎ ሲቀርብላት ማንኪያውን ይዛ ታንቀላፋለች፤ ልጅቷ ስትጮኽ ትባንናለች። የጡቷ ወተት ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ። ባሏ ከወገዳ በስልክ «ተኛች ወይ?» ሲል የሚያነሣው እኔ ነኝ፤ «ትንሽ ትንሽ» እለዋለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ልጄ የአራስ መደቧን ከጋረደው መጋረጃ ኋላ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ቀን ትተኛለች ብለው ነበር እኮ።»

ወቀሳ አልነበረም። አንድ ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩት የምትጠይቀኝ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወቀሳ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ በበኩሏ ታሾፍብኛለች። «ነቢዩ! ልጅቷ ትንቢቱ አልደረሳትም መሰለኝ።»

በሩ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። በዓይኔ ያየሁትን አልጠራጠርም። ልጅቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ቀን ትተኛ ነበር፤ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። ምን ተለወጠ? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ባለቤቴ የምትጮኸውን ልጅ ታቅፋ ዱቄት ልትቀዳ ወደ ጎታው ሄደች። ጩኸቱ ቆመ። ጎታው ጋ ደርሳ ቆመች፤ ጩኸቱ ቀጠለ። ስትመለስ ቆመ። ምሰሶው ሥር ቆማ ከጎረቤት ጋር ስትነጋገር እንደገና ጀመረ።

ብድግ አልኩ። ነገሩ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር! ቀን ታስተኛት የነበረው ፀሐይዋ ሳትሆን የእናቷ እግር ነው። አሁን እናቷ አራስ ናት፤ ከመደብ አትወርድም፣ ከደጅ አትወጣም። ያ እግር ቆሟል። አዋላጇ ሕፃን ቀንና ሌሊት አይለይም ማለቷ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔም ያየሁት እውነት ነው። ያ የቀን እንቅልፍ የልጅቷ ብቻ አልነበረም፤ የሁለቱ ነበር። ከመወለድ በኋላ ለአንዷ ብቻ ሊተርፍ አልቻለም።

«ስጪኝ፤» አልኳት ባለቤቴን።

«ምን?»

«ልጅቷን።»

«ጺሙ የሸበተ ወንድ የአራስ ልጅ ታቅፎ ሲዞር የት አይተዋል? ይሰብሯታል!»

ከመጋረጃው ኋላ የልጄ ድምፅ መጣ፤ ሳስቶ ነበር። «ስጫቸው እማ።»

ሰጠችኝ። «አንገቷን! አንገቷን ይያዙ! ሞፈር አደረጓት እንዴ?» በዕድሜዬ ስንት ኩንታል ተሸክሜያለሁ፤ እንዲህ ቀልሎ እንዲህ ያስጨነቀኝ ሸክም ግን አላጋጠመኝም። የሞቀ ቅቤና ወተት ትሸታለች። በራሴ እርምጃ ጀመርኩ፤ እኔ ረጅም ስለሆንኩ እርምጃዬም ረጅም ነው። አልወደደችውም፤ ጮኸች።

ቆምኩና ዳገቱን አስታወስኩ። አህያውን እየነዳሁ ከኋላ ስሄድ ዓይኔ የነበረው ልጄ ላይ ነው። በሕፃንነቷም ከኋላዋ ሆኜ ነው ያሳደግኋት፤ አረማመዷን ከእሷ ይበልጥ እኔ አውቀዋለሁ። ተረከዟን ረገጥ ታደርጋለች፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለች፣ ከዚያ ሌላውን እግር ቀስ ብላ ታስከትላለች። ዳገት ላይ ስትሆን ትንፋሽ ልትወስድ ትንሽ ትቆምና እንደገና ትጀምራለች። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከበሩ እስከ ጎታው፣ ከጎታው እስከ ምሰሶው፣ እርጉዝ ሴት መስዬ እየተወዛወዝኩ ሄድኩ። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ይሳቅ! ልጅቷ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ ግንባሯ ላይ የነበረው ሽብሽብ ተፈታ፤ ከዚያ አገጯ ደረቴ ላይ ወደቀ።

አላቆምኩም። ባቆም እንደምትነቃ አውቃለሁ። በዚያ መካከል ከደጅ ጉሮሮ ተጠረገ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብሎ ጓደኛዬ ገባ። በእጁ ማር ይዟል። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ አየኝ፤ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን አጨበጨበ።

«ኧኸ! ነቢዩ ሞግዚት ሆኖ አረፈው! ሽማግሌ ልጅ ታቅፎ ሲሽሞነሞን አየሁ ብዬ ለማን ልናገር? ቀን ትተኛለች ያልካት ይህች ናት? እስቲ ተናገር፤ ምነው ዛሬ አፍህ ተዘጋ?»

መልስ ነበረኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ብናገረው ኖሮ ሰንበቴው ዓመቱን ሙሉ ሲደግመው ይከርም ነበር። አፌን ስከፍት ልጅቷ በእንቅልፏ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ልጄ ታንኮራፋለች። ልጅ ሳለች እኩያዎቿ ይስቁባት የነበረው ያ ማንኮራፋት ነው። ከወለደች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጓደኛዬን በጋቢው ጫፍ ይዛ እየጎተተች ወደ ደጅ አወጣችው። ከውጭ ሳቁ ይሰማኛል፤ ስሜንም እየጠራ አንድ ነገር ይላል። እኔ ጎታው ጋ ስደርስ ትንፋሽ እንደምትወስድ ሴት ትንሽ ቆምኩና በቀስታ ዞርኩ።